የጋቢናው ወለል

ሁለት የተማሩ ወንዶች የመኪና ወለል ለምን እንደሚረጥብ ማወቅ አቅቷቸው ምክንያቱን እኔ ላይ አገኙት። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት አሉ። አንዱ ጅጅጋ ገበያ ውስጥ ሲያገኘኝ አንገቱን ደፍቶ ሰላም ይለኛል። እኔም እመልስለታለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ከእኔ አይጠብቅ።

ጊዜው ባጃጅ ከተማዋን እየሞላ የነበረበት ነው። የምሠራበት መሥሪያ ቤት ስደተኞችን ይረዳ ስለነበር በሳምንት ሁለት ቀን ሸደር መጠለያ ሄጄ ሴቶችን እመዘግባለሁ። ሃምሳን አልፌያለሁ። በዕድሜ ስለምበልጥ ጋቢና የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። ይህ የአገሩ ወግ እንጂ የእነሱ ደግነት አልነበረም። ምክትል ኃላፊው ከኋላ ይቀመጣል። አቧራ ስለሚጠላ ገና ከከተማ ስንወጣ «መስኮት ይዘጋ፣ ኤሲ ይከፈት» ይላል። ሽቶው ከአቧራው የባሰ ነበር።

አንድ ቀን ከሸደር ስንመለስ ከእግሬ ሥር ያለው ምንጣፍ ርሶ አገኘሁት። ለሾፌሩ ነገርኩት።

«ውሃ ይዘው ነበር እንዴ?» አለኝ።

አልያዝኩም። በሚቀጥለው ጉዞም ረጠበ፣ በሦስተኛውም። እኔ ሳልኖር ከተማ ውስጥ ሲዞሩበት ደግሞ ደረቅ ነው። ይህችን ይዘው ተመራመሩ። ከተማ ውስጥ ኤሲ እንደማይከፈት ግን አንዳቸውም አላስተዋሉም።

ግኝታቸውን ለእኔ አልነገሩኝም። የነገረችኝ ግቢያችን ውስጥ ሻይ የምታፈላው ሶማሊ ባልቴት ናት።

«አባዮ» አለችኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው፣ «ታማለች ይሉሻል። ሽንቷ አይቆምም ይላሉ።»

«ማነው እንዲህ የሚለው?»

«የማይለው ማነው?»

በሳምንቱ ምክትሉ ቢሮው አስጠራኝ። ወንበር ስቦ ሰጠኝ፤ ከዚያ በፊት አድርጎት አያውቅም። ወንበሩ ላይ ፕላስቲክ ተነጥፎበታል።

«ማዘር፣ ትንሽ ቢያርፉስ? መስኩን ለወጣቶች እንተወው።»

«ደክሞኛል አልኩዎት?»

«የጤና ነገር እኮ አያሳፍርም።»

ቆሜ አዳመጥኩት። ጤነኛ መሆን አለመሆኔን አልነገርኩትም፤ አንባቢም ስለ ሰውነቴ ከእኔ አንዲት ቃል አያገኝም። ያወቅኩት አንድ ነገር ነው። ዝም ካልኩ የሃያ ዓመት ሥራዬ ተረስቶ በዚህ ብቻ እታወሳለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሾፌሩ ምንጣፉን ግቢ መሐል ዘርግቶ በጀሪካን ያጥባል። ሠራተኛው ሁሉ በመስኮት እያየ ነው። ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ሰባት ጊዜ አጠበው፤ አንዱን አፈር በትኖበት ፈተገው። ጥንቃቄው ለሶላቱ መስሎኝ ነበር። ለባልቴቷ ስነግራት ብርጭቆ ማጠቧን አቆመች።

«ሰባት ጊዜ? አንዱን በአፈር?»

«አዎ።»

«እሱ ለውሻ ነው። ውሻ የላሰው ዕቃ ነው እንዲያ የሚታጠበው። የሰውማ ነጃሳው፣ ርኩሱ ነገር፣ እስኪለቅ ብቻ ነው። ይሄ ሰውዬ ቁርኣን ቤት ተኝቶ ነው ያለፈው፤ ወይ ደግሞ አልተኛም፣ ሆን ብሎ ነው።»

እኔ ሆን ብሎ ነው ብዬ ወሰድኩት። አሁንም እንደዚያው ነኝ።

በሚቀጥለው ጉዞ እኔን ትተው ሄዱ። ሲመለሱ በር ላይ ጠበቅኳቸውና የጋቢናውን በር ከፈትኩ። ወለሉ ውሃ ነው።

«ዛሬስ የማን ነው?» አልኩት።

ሾፌሩ ትንሽ አሰበ። «የድሮው ነው። ስፖንጁ ውስጥ የገባው እየወጣ ነው።»

«ሰባት ጊዜ ታጥቦ?»

«ሽንት ጨው አለው፤ ቶሎ አይደርቅም።»

መንግሥት ለዚህ ሰው መንጃ ፈቃድ ሰጥቶታል።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ «ቁልፉን አምጣ» አልኩት።

«ለምን?»

«ላጥበው ነው። ስምንተኛውን።»

ሰጠኝ። ምንጣፉን አውጥቼ ወለሉን በጨርቅ አደረቅኩ። ከመቀመጫው ጫፍ ጀምሬ እስከ ፊት ለፊቱ ዳሽቦርድ፣ እስከ ክሩስኮቶው ሥር ድረስ ሶፍት ደረደርኩ፤ ሞተሩን አስነሥቼ ኤሲውን ከፈትኩና በሩን ዘጋሁት። ባልቴቷ ዱካዋን ይዛ መጥታ እንደ ዘበኛ አጠገቡ ተቀመጠች። ውስጥ ማንም የለም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከክሩስኮቶው ሥር ያለው ሶፍት ራሰ፤ ከመቀመጫው ሥር ያለው ግን ደረቅ ነው። ባልቴቷ እጇን ሰዳ ነካችው፣ አሸተተችው።

«ዋ ቢዮ!» አለች። ውሃ ነው። «ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ና አንተ፣ አሽት!» ሾፌሩ ወደ ኋላ ሸሸ።

ጎንበስ ብዬ ከመኪናው በታች አየሁ። ኤሲ ሲሠራ ውሃው በቱቦ ወርዶ መሬት ላይ መንጠባጠብ አለበት፤ የሌሎቹን መኪኖች በየቀኑ አይ ነበር። የእኛ ሥሩ ደረቅ ነው። ሾፌሩን «ግባና ቱቦውን እይ» አልኩት፣ ልብሱ እንዳይቆሽሽ ፈራ። ካርቶን አንጥፌ ራሴ ገባሁ። ቱቦውን በሽቦ ስወጋው የሸደር መንገድ ጭቃ ቁራሽ ወጣ፤ ተከትሎ ውሃው እስከ ክርኔ አራሰኝ።

ስወጣ ምክትሉ ቆሟል። ሾፌሩ ቀደመኝ፦ «እኔ እኮ ኤሲው ነው ብዬ ነበር።»

«ጎበዝ ማዘር!» አለ ምክትሉ። «በቃ ተፈታ። ሰኞ ይሄዳሉ።»

«ሰኞ እሄዳለሁ። ዓርብ ስብሰባ ላይ ደግሞ ለሁሉም ትናገራለህ።» አንቱታው እዚያ ላይ አበቃ።

«ይሄማ አጀንዳ አይሆንም፤ ነውር ነው።»

«ሲወራ አልነበረም ነውሩ?»

ዓርብ ስብሰባው ላይ አልተናገረም። «ልዩ ልዩ» ላይ ሲደረስ እኔው ተነሣሁ። ቃለ ጉባኤ ያዧን «ጻፊ» አልኳት። ወደ ምክትሉ አየች። «ወደ እሱ አትይ፣ ጻፊ። በመስክ መኪናው ጋቢና ወለል ላይ ሲገኝ የነበረው ውሃ ከኤሲው ቱቦ መደፈን የመጣ እንጂ ከማንም ሠራተኛ አካል የወጣ አለመሆኑ ተረጋግጧል።»

አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። የቀረው ሰው ጠረጴዛውን ያያል። ወረቀቱ ለፊርማ ዞረ። ሾፌሩ ሳያነብ ፈረመ። ምክትሉ ሁለት ጊዜ አነበበውና እስክሪብቶዬ አልቋል አለ። የራሴን ሰጠሁት። ሁሉም እያየው ፈረመ።

እስክሪብቶውን ሲመልስልኝ አልተቀበልኩትም። «ይቅር፣ ያዘው» አልኩትና ወረቀቱን ይዤ ማኅተም ላስመታበት ወጣሁ።