«እናቴ አለች»

እትዬ ድልድይ ሊፈቱት የተነሡት ችግር ሲናገሩት ቀላል ነው፤ ልጃቸው ይቅር ብላቸው እንደሆነ ማወቅ፣ ያውም ሳይጠይቋት። መጠየቁማ የሚቻል አልነበረም። ልጅቷ ወደ ሌላ ከተማ ከሄደች ወዲህ ስልኳን ቀይራለች፤ አዲሱን ቁጥር የሚያውቁ ዘመዶችም ስሟ ሲነሣ ወሬ ይቀይራሉ። የቀረው መንገድ መጽሐፏ ብቻ ነበር። ልጅቷ የሚያስቅ የፍቅር ልብ ወለድ ጽፋለች፤ ከሁሉ በላይ የምታስቀው ባለታሪክ ደግሞ የሙሽራዋ እናት የሆነችው የትዳር አገናኝ ናት። እትዬ ድልድይ የትዳር አገናኝ ናቸው። ማንበብ ግን አይችሉም ነበር።

«ድልድይ» ያላቸው ሰፈሩ ነው፤ ወዲህ ማዶና ወዲያ ማዶ የነበሩ ሰዎችን ስላገናኙ። ስሙን ያወጣላቸው ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ግን፣ «ኧረ እኔስ ሁሉም ይረግጣቸዋል ብዬ ነው» እያለ ያበሽቃቸው ነበር። እሳቸውም «አንተን ያሻገርኩ ቀን ነበር መሰበር የነበረብኝ» ይሉታል። ሚስቱን ያመጡለት እሳቸው ነበሩና።

ሥራው ከሩቅ ለሚያየው ወሬ ማመላለስ ይመስላል። ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን እጅግ የሚያስደንቅ አሠራር አለው። እትዬ ድልድይ አንድን ቤት ለማወቅ በእንግዳ ቀን አይሄዱም፤ በልብስ ማጠቢያ ቀን ይሄዳሉ። በእንግዳ ቀን ቤተሰቡ ሁሉ ጨዋ ነው። በማጠቢያ ቀን ግን ባልዲውን ማን እንደሚሸከም፣ ማን ተቀምጦ እንደሚያዝ፣ የማን ልብስ ተለይቶ እንደሚታጠብ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወንዱን ደግሞ ምግብ ቤት ይቀጥሩታል፤ እሳቸውን እንዴት እንደሚያናግር ለማየት ሳይሆን፣ አስተናጋጁ ሲሳሳትበት ምን እንደሚል ለመስማት። ይህ ሁሉ ከተጠና በኋላ ዋናው ጥበብ ይመጣል፤ ቃል መምረጥ። ቆንቋናው «ያዝ የሚያደርግ» ይሆናል። ነገረኛዋ «በሆዷ የማትይዝ»። ጠጪው «ጓደኛ የሚወድ»። ሰው የማያናግረው «ጭምት»።

«ውሸትማ አይደለም» ይሉ ነበር ሲጠየቁ። «እውነቱን ፀጉሩን አበጥሬ ነው የማስወጣው።»

ከሠርግ በኋላ እያለቀሱ ለሚመጡ ሙሽሮች ደግሞ አንዲት ቃል ነበረቻቸው፦ «ይለመዳል።» ብዙዎቹ ለምደዋል። ቢያንስ ተመልሰው አልመጡም።

ለልጃቸው የመረጡላት ሰው ጭምት ነበር። ሥራ ነበረው፣ ቤት ነበረው፣ እጁን በሰው ላይ አያነሣም። እትዬ ድልድይ በማጠቢያ ቀን ሄደው አይተውታል፤ ከገዛ እናቱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ እናቱ ስታወራው፣ ስትጠይቀው፣ አንድም ቃል አልወጣውም። አይተዋል። ካዩ በኋላም አበጥረውታል። ልጅቷ ገብታ ስታየው ጭምትነቱ ማለቂያ አልነበረውም። በልቶ ይነሣል፣ ጋዜጣውን ያነባል፣ ይተኛል። ስታወራው ቃሏ ወለሉ ላይ እየወደቀ ይቀራል። ሰላም ብላው የግድግዳ ሰዓቱ ብቻ የሚመልስላት ሳምንታት ነበሩ። አንድ ከሰዓት እናቷ ቤት መጣች፤ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣

«እማዬ፣ እንዲህ መሆኑን ታውቂ ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው።

እትዬ ድልድይ ድንች እየላጡ ነበር። ቢላዋውን ሳያስቀምጡ፣ ለሁሉም የሚሉትን አሉ። «ይለመዳል፣ የኔ ልጅ።»

ልጅቷ ሰውየውን ፈታች፤ ቀጥሎ ከተማውን ለቀቀች። እናቷን መፍታቷን ግን ማንም የነገራቸው የለም፤ ራሳቸው ቀስ በቀስ ነው የደረሱበት።

መጽሐፉ የደረሰው ከቤታቸው ሥር ወዳለው ፀጉር ቤት ነው። ሽፋኑ ውሃ ነክቶት አብጧል፤ ከደንበኛ ደንበኛ ይዞራል። አንድ ቀን ፀጉር ሠሪዋ ከበሩ ላይ ጠራቻቸው።

«እትዬ! የልጅዎ መጽሐፍ እኮ ሰውን በሳቅ ገደለው! በጋለ ቢጉዲን ፀጉር እየጠቀለልኩ ሴቶቹ ሲንፈራገጡ እጄን አቃጠልኩ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ድልድይ ተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ መዋል ጀመሩ። እንደ ሥራቸው ነበር የያዙት፤ ልክ አንድን ሙሽራ እንደሚያጠኑ መጽሐፉን በሰው አፍ ማጥናት። ያነበበውን ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቁታል፦ «ደራሲዋ አገናኟን ትወዳታለች ወይስ ትጠላታለች?»

አስተያየት አልጠፋም። ልታገባ የደረሰች ወጣት «እኔ እንጃ፣ እኔ ፎቶግራፍ አንሺውን ነው የወደድኩት» ብላ አፈረች። አንዲት ነርስ «ያቺ «ጓደኛ የሚወድ» ያለችው ሰውዬ ከነወንበሩ ሲወድቅ ሥራ ቦታ ሆኜ ሳቄ አመለጠኝ፤ በሽተኛው ተቀየመኝ» ብላ እንደገና ሳቀች። የባንክ ሠራተኛዋ «ሴትየዋ ክፉ አይደለችም፣ ሥራዋ ነው» ስትል፣ አጠገቧ ያለችው «ተይኝ እስቲ! ደራሲዋ አጋንናለች። ለገዛ ልጇ እንዲህ የምታደርግ እናት ከየት ትመጣለች?» ብላ ተቆጣች። እትዬ ድልድይ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «ከየትም አትመጣም» አሉ።

ለጥያቄያቸው ግን ማንም ቀጥ ያለ መልስ አልነበረውም። በመጨረሻ ፀጉር ሠሪዋ «ኧረ ቆይ፣ መጨረሻው ላይ እኮ ትነሣለች፤ ላንብብልዎ» ብላ እጇን ጠራርጋ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች።

ሙሽራዋ እናቷ የመረጠችላትን ሰው ትታ፣ ከሠርግ ፎቶግራፍ አንሺው ጋር ማዘጋጃ ቤት ቆማለች። ጸሐፊው ምስክር እስኪመጣ ወረቀቱን ያገላብጣል። የሙሽራዋን ፊት አየና «አይዞሽ፣ ትዳር ይለመዳል» አላት። ሙሽራዋ «ይህን ቃልማ ሰምቼዋለሁ» ብላ ሳቀች። በሩ ተከፈተ። ጸሐፊው ቀና ብሎ ጠየቀ።

«ማን አለ?»

«እናቴ አለች።»

መጽሐፉ እዚህ ላይ ያበቃል። ፀጉር ሠሪዋ «አለች»ን ላላ አድርጋ ነበር ያነበበቻት፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የነበረች ሴት ግን ጭንቅላቷን አወጣች።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ጠበቅ አድርገሽ አንብቢው እንጂ! በሩ እኮ ተከፍቷል!»

«በሩማ ለነፋስም ይከፈታል። «ይለመዳል» ያለችው እናቷ ናት ነው የምትለው፤ ቀልዱ እሱ ነው» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ምን ቀልድ አለው? እናትየው መጥታለች፣ ምስክር ልትሆን!»

ነገሩ እንዲህ ነው። «ለ» ላላ ስትል እናት ተናገረች ማለት ነው፤ ያቺ ቃል የማን እንደሆነች ለማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ሳይቀር ተነገረ፣ መጽሐፉም በእናቲቱ ላይ ስቆ ተዘጋ። «ለ» ጠበቅ ስትል ግን እናት በሩ ላይ ቆማለች፤ ከነጥፋቷ ተቆጥራለች፤ ለልጇ እናት ሆና ገብታለች። በአፍ ሲሆን ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። በወረቀት ላይ አንድ ናቸው።

ሴቶቹ ሲከራከሩ እትዬ ድልድይ ወጥተው ሄዱ። ማን እንዳሸነፈ አልጠየቁም።

በማግስቱ መጽሐፉን ተውሰው ጡረታ የወጡት መምህር ዘንድ ሄዱ። መምህሩ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ገጹን ሁለት ጊዜ አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«እትዬ፣ ከጽሑፉ ማወቅ አይቻልም። በሁለቱም ይሄዳል።»

እትዬ ድልድይ ይህን ድምፅ ያውቁታል። እንዲህ ለስለስ ያለ፣ ዓይን ሳያዩ የሚነገር ነገር ሲሰሙ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኖረዋል፤ ራሳቸውም ሲናገሩት። «አበጠሩልኝ» አሉ በልባቸው። «ላላ ያለው ነው፤ ሊነግሩኝ አዝነው ነው።»

«ፊደል ያስተምሩኝ» አሉ።

«አሁን?»

«ነገ ከሚሆን።»

ማስተማሩ ደስ የሚል ሥራ ሆነ፤ መምህሩ እንደዚህ ያለ ተማሪ ገጥሟቸው አያውቅም። እትዬ ድልድይ ፊደሉን እንደ ሰው ነበር የሚይዙት። «ት»ን አንዴ ካወቋት በኋላ «ች»ን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ «ይቺማ ራሷ ናት፣ ባርኔጣ አድርጋ ነው የመጣች። አታታልለኝም» አሉ። «አ» ትከሻ ሰፊ፣ የቤት ልጅ ናት። «ጸ»ን አይወዷትም፤ «ይቺ ራሷ ከብዷታል፣ ሁለት እግር ብቻ አይበቃትም»። መምህሩ እየሳቁ «ለ«ጸ» ባል ይፈልጉላት» ሲሏቸው «ማንን አታልዬ?» ብለው መለሱ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ጨለመና ወደ ገጹ ተመለሱ። የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር አንድ ብለው የጀመሩት፣ መሬቱ ሲደርቅ ቃል መግጠም ቻሉ። የመጽሐፉን መጀመሪያ አልነኩትም። የፈለጉት መጨረሻውን ነው።

የደረሱበት ቀን ብቻቸውን ነበሩ። መስኮቱን ከፍተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ማዘጋጃ ቤቱን አለፉ፤ ጸሐፊውን አለፉ፤ በሩን አለፉ። «እ-ና-ቴ»። «አ። ለ። ች።»

እንደገና አነበቡት። ከ«ለ» ላይ ነጥብ ፈለጉ፣ ሰረዝ ፈለጉ፣ ከሥሯ ፈለጉ። ከዚያ መጽሐፉን እንደያዙ ወደ መምህሩ ቤት ሄዱ።

««ለ» የሚጠብቅበት ምልክቱ የቱ ነው?»

«ምልክትማ የለውም፣ እትዬ። አንባቢው ከሁኔታው ነው የሚያውቀው።»

«ሁኔታውን የማያውቅ አንባቢስ?»

መምህሩ «ነግሬዎት ነበር እኮ» አሉ በቀስታ።

«ነግረውኛል» አሉ እትዬ ድልድይ። «አበጥረው የነገሩኝ መስሎኝ ነው።»

ቤታቸው ገብተው በራቸውን ዘጉ። በሕይወታቸው አንድ ሰው እውነቱን እንዳለ ቢነግራቸው እሱንም አላመኑም። ለብዙ ሙሽሮች የቃል ፀጉር አበጥረዋል፤ አሁን አንድ ቃል ባዶ ራሱን ቢመጣ ሊለዩት አልቻሉም። ፀጉር ሠሪዋ በመስኮት ብትጠራቸውም አልወጡም፤ የሚያገቡ ልጆች ያሏቸው እናቶችም መጥተው በሩን አንኳኩተው ተመለሱ።

ከዚያ ሬዲዮው መጣ። የአንባቢያን አስተያየት የሚሰማበት የጠዋት ፕሮግራም ደራሲዋን በእንግድነት ጋበዘ። እትዬ ድልድይ የልጃቸውን ድምፅ ሲሰሙ መጀመሪያ አላወቋትም፤ ወፈር ብሏል፣ ረጋ ብሏል። አዘጋጁ ሲያወድሳት ሳቀች፤ ያኔ በሳቋ አወቋት። አንባቢዎች ደወሉ፣ ስለ ፎቶግራፍ አንሺው ጠየቁ። በመጨረሻ አዘጋጁ ራሱ የመጨረሻውን መስመር አነበበ፤ ላላ አድርጎ። ራሱ ሳቀ።

«ልክ ነኝ?» አላት።

«አንባቢ እንደመሰለው ያንብበው።»

«እናትሽስ እንዴት አነበቧት?»

«እናቴ ማንበብ አትችልም።»

አልመረራትም፣ አላዘነችም። ስለ አየር ሁኔታ እንደምትናገር ነበር ያለችው። እትዬ ድልድይ ያን ጊዜ ነገሩ ገባቸው፤ ልጅቷ ይህን ሁሉ የጻፈችው እናቷ መቼም በማትገባበት ክፍል ውስጥ ሆና ነው። በሩን ለመቆለፍ ቁልፍ እንኳ አላስፈለጋትም።

«እችላለሁ» አሉ ለሬዲዮው። ሬዲዮው ማስታወቂያ ጀመረ።

ወደ ፕሮግራሙ ደወሉ፤ ስልኩ ተይዟል። ደግመው ደወሉ፤ ተይዟል። ሲነሣላቸው ፕሮግራሙ አልቆ ነበር፤ ያነሣችው ልጅ ግን ትሕትና ነበራት።

«እንግዳዋ ወጥታለች፣ እናቴ። ግን አስተያየት መቅጃ መስመር አለን። ከድምፁ በኋላ ይናገራሉ፤ የተቀዳውን ለደራሲዋ እንልካለን። ማን ልበል?»

«አንባቢ» አሉ።

አሁን እየሞከሩ ያሉት ይህን ነው። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ሥር ይቀመጡና ይደውላሉ። ስማቸውን አይናገሩም፤ ይቅርታም አይጠይቁም፤ የመጨረሻውን ገጽ ያነባሉ፣ በራሳቸው አፍ። ስለ ማንበብ ከሆነ አሁን ጎበዝ ናቸው። የጸሐፊውን ንግግር ሲያነቡ ድምፃቸውን ጎርነን ያደርጋሉ፤ በሩ ሲከፈት ትንሽ ይቆያሉ። «ማን አለ?» ይላሉ። «እናቴ…» ይላሉ።

እዚያ ላይ ምላሳቸው ይያዛል። ላላ ካደረጉት ጥፋታቸውን በገዛ አፋቸው ማመናቸው ነው፤ እውነት ነው፣ ብለዋል፣ ግን ከዚያ ወዲያ ምንም አይቀራቸውም። ጠበቅ ካደረጉት ያልተሰጣቸውን መውሰድ ነው፤ ልጅቷ ሰምታ «ዛሬም ታበጥራለች» ብትልስ? በመሐል የሚነበብ ሦስተኛ መንገድ ይፈልጋሉ፤ አፋቸውን ከፍተው ይፈልጉታል። መቅጃው ትንፋሻቸውን ብቻ እየሰማ ጥቂት ይጠብቅና ይቆረጣል። እትዬ ድልድይ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ ያኖሩታል። ከዚያ ከገጹ አናት ተነሥተው፣ ማዘጋጃ ቤቱ በር ድረስ በለሆሳስ ያጠኑና፣ ቁጥሩን እንደገና ይነካሉ።