በሽማግሌው ኪስ የጮኸው ስድብ

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ መጀመሪያ ያነበብኩት የባጃጅ ጀርባ «ዝጋ፣ ደደብ!» ይላል። ከቲክቶክ የመጣ ስድብ ነው፤ ዛሬ ሰላምታውም ቀልዱም እሱ ሆኗል።

አምና ልጄን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። ትልቁ ደጄ ላይ ቆመው «ልጅዎን ለልጃችን...» ሲሉ፣ ኪሳቸው ውስጥ ስልካቸው ሲጠራ «ዝጋ፣ ደደብ!» ብሎ ጮኸ።

«ይቅር ይበሉኝ፤ ይህን ጥሪ የጫነብኝ እሱው ሙሽራው ነው» አሉ አፍረው።

«እንግዲያው እዚሁ እፊቴ መጥቶ ያጥፋልዎ። ልጄን ከዚያ በኋላ ትጠይቃላችሁ» ብዬ መለስኳቸው።

«አባባ፣ ለአንድ ቀልድ ባል ልታሳጣኝ ነው?» ብላ ልጄ አለቀሰች።

«ሽማግሌ የሚያሰድብ ነገ አንቺንም ያሰድባል» አልኳት።

በማግስቱ ሙሽራው መጣ። የሽማግሌውን ጉልበት ስሞ ጥሪውን አጠፋው። ልጄን ሰጠሁት። ያን ቃል ይዞ ግን ዛሬም ደጄን የሚረግጥ የለም።