ጠዋት ጠዋት የሚያኮርፈው የቀወት ፓምፕ

በጥቅምት አንድ ዓርብ ከደብረ ብርሃን የተነሳሁት ጠብ ለማብረድ ነው። ሸዋ ሮቢት ፊዚክስ ሳስተምር ቤት ያከራዩኝ ጋሼ ሰይድ ደውለው፣ “መምህር፣ ያ የፀሐይ ፓምፕ በእኔ ተራ አልሰጥ ብሏል፤ በደምሴ ተራ ግን ይንዶለዶላል። ወላሂ አንድ ነገር አድርጎበታል! መጥተህ እየው፤ አለዚያ በሽማግሌ እንለያያለን” አሉኝ።

ጋሼ ሰይድና አቶ ደምሴ ከአንድ ጉድጓድ በአንድ ፓምፕ የሚያጠጡ ጎረቤታሞች ናቸው። ጠዋት የጋሼ ሰይድ ተራ ነው፣ ከሰዓት የአቶ ደምሴ። ያን የመሰለ ጉርብትና ሊፈርስ ነው ብዬ ደነገጥኩ። የኮረንት መለኪያ ቴስተሬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ ዋሻውን አፍኖት ሾፌሩ መብራት አብርቶ ነው ያለፈው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛሁ፤ አጠገቤ የተቀመጡት እናት “ሰው ብቻውን አይበላም” እያሉ ግማሹን ጨረሱልኝ። ቁልቁለቱን በወረድን ቁጥር ልብስ ሳወልቅ፣ ሸዋ ሮቢት ስደርስ በሸሚዝ ቀረሁ። ከዚያ ወደ ጋሼ ሰይድ የቀወት ማሳ ባጃጅ፣ ባጃጁ ሲበቃው ደግሞ በማሽላ መሃል በእግር።

ዓርብ ከሰዓት

ፓምፑ ውሃውን ይገፋዋል። አራቱ የሶላር ሰሌዳዎች ወደ ደቡብ ተጋድመው ፀሐይ ይሞቃሉ። አቶ ደምሴ ቦይ እየከፈቱ ነው፤ ጋሼ ሰይድ ጀርባቸውን ሰጥተው ከሩቅ ቆመዋል። የእሳቸው የሽንኩርት ችግኝ ቢጫ ሆኗል። ውሃው በእሳቸው ተራ ብቅ የሚለው አምስት ሰዓት አልፎ ነው፤ በዚያ ሐሩር ቢያጠጡት ደግሞ ችግኙ ይቀቀላል።

“ልጆቼ የጋሼ ሰይድን ላም ወተት ጠጥተው ነው ያደጉት” አሉኝ አቶ ደምሴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “እኔ ውሃ ልሰርቃቸው?”

አንጀቴን በሉት። ሽቦውን ሁሉ ለካሁ፤ ምንም እንከን የለውም።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት

ፀሐዩ ወጥቷል፣ ፓምፑ ግን ጭጭ። ሰሌዳዎቹን ስለካ ኃይሉ ወርዷል። እንደገና ሽቦ ለሽቦ በአራት እግሬ ዳኸሁ። የጋሼ ሰይድ ባለቤት እትዬ ዘሃራ ከሰሌዳዎቹ በስተምሥራቅ ከተተከለው ማማ ላይ ሆነው ግሪሳ ወፍ በወንጭፍ ያባርራሉ።

“መምህር፣ መርፌ ጠፋህ እንዴ?” ብለው ሳቁብኝ።

ላብ ዓይኔ ገብቶ ተናድጄ ቀና ስል፣ አንዱ ሰሌዳ ላይ የሚሽከረከር የወንጭፍ ጥላ አየሁ። የማማው ጥላ ከነጣሪያው እዚያው ሰሌዳ ላይ አርፏል። ወይ ጉድ!

“ጋሼ፣ ይህን ማማ መቼ ሠሩት?” አልኳቸው ቦዩ ዳር ውሃ የሚጠብቁትን ጋሼ ሰይድን።

“ማሽላው እሸት ሲይዝ ነዋ።”

“ውሃውስ መቼ አስቸገረ?”

“ያው ያኔ” ብለው ጥላውን አዩት። ከዚያ፣ “ይቺ እፍኝ የማትሞላ ጥላ? ሦስቱ ሰሌዳ ፀሐይ ላይ አይደለም ወይ?” አሉኝ።

“አራቱ ተያይዘው በአንድ መስመር ነው የታሰሩት፤ ኮረንቱ ሌላ መንገድ የለውም። ቦይዎ መሃል ላይ ጓል ቢወድቅ ከታች ያለው መደብ ይጠጣል?”

“ማማውን ካፈረስኩ ግሪሳው ማሽላዬን ይጨርሰዋል!”

ማመን አቃታቸው፤ አልፈርድባቸውም። ከሰዓት በአቶ ደምሴ ተራ፣ ውሃው ሲንዶለዶል፣ ሁለቱንም ጠራሁና የጋሼ ሰይድን ፎጣ ከትከሻቸው ወስጄ አንዱ ሰሌዳ ላይ ዘረጋሁ። ውሃው ቀጠነ፣ ከዚያ ቆመ። ፎጣውን ሳነሳ ተመልሶ መጣ። ጋሼ ሰይድ ፎጣውን ተቀብለው ራሳቸው ሦስት ጊዜ ሞከሩት። 

“ደምሴ፣ አውፍ በለኝ። የገዛ ማማዬ ነው የበደለኝ።”

አቶ ደምሴ ቤታቸው ገብተው መቆፈሪያ ይዘው መጡና፣ “ጥላው ሰሌዳው ላይ እንዳይወድቅ ወደ ሰሜን እናዙረው፤ ወፍ ሳይመለስ” አሉ። እኔም ምሰሶ ተሸከምኩ፤ ትከሻዬ እስካሁን ይመሰክራል።

እሁድ

ጎህ ሲቀድ መኪና አግኝቼ ወጣሁ። ኮረንት በአንድ መስመር ብቻ የሚያልፍበትን ተከታታይ ዑደት ስንት ዓመት በአምፖል ሥዕል አስተምሬአለሁ፤ ተማሪዎቼ ይሸመድዱታል። እውነቱን ለመናገር እኔም ሸምድጄው ነው የኖርኩት። ዓርብ ከሰዓት ማማውን ዓይኔ እያየ ሽቦ ነው የፈተሽኩት፤ ከሽቦ በፊት ቀና ብሎ ሰማይና አካባቢን ማየት እንደሚገባ የተማርኩት ቀወት ላይ ነው።

አራት ሰዓት ገደማ ቤቴን ስከፍት በጋሼ ሰይድ ቁጥር ተደወለ። ያነጋገሩኝ አቶ ደምሴ ናቸው።

“መምህር፣ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እየፈሰሰ ነው! ጋሼ እጃቸው ጭቃ ስለሆነ...”

ከወዲያ የጋሼ ሰይድ ጩኸት ገባ፦ “ደምሴ! ወሬውን ተውና ና ቦዩን ያዝልኝ!”

አቶ ደምሴ ደህና ዋል እንኳ ሳይሉኝ ስልኩን ዘጉ።