ዘንገናን ያለፍንበት እሁድ

ባጃጅ ውስጥ በገባሁ ቁጥር እጄ ሳላዘው ተነስቶ ወደ ሹፌሩ ትከሻ ይሄዳል። ግማሽ ላይ ሲደርስ ነቃ እልና እመልሰዋለሁ። ሹፌሮቹ ወጣቶች ናቸው፤ ቢያዩኝ ምን ይሉኛል ብዬ አፍራለሁ። እጄ ግን ልጅነቱን ያሳለፈው በአባቴ ጋሪ ላይ ነውና እስከ ዛሬ አልለመደም።

ቤታችን ከዳንግላ ወጣ ብሎ፣ ከተማው አልቆ እርሻው በሚጀምርበት ዳር ነበር። አባቴ ጋሪ ነጂ ነበር። ዳማ የሚባል ፈረስ ነበረው። ማለዳ ከቤት ሲወጣ የፈረስ ላብና የእርጥብ ሣር ሽታ ግቢውን ይሞላዋል፤ ማታ ሲመለስ ደግሞ ያን ቀን ያጓጓዘው ነገር ሁሉ ይሸታል፤ ሽንኩርት፣ ከሰል፣ አንዳንዴም የሙሽራ ሽቶ። በአባቴ ጋሪ ላይ መውረድ የሚፈልግ ሰው አፉን አይከፍትም። የአባቴን ትከሻ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል፤ አባቴ ልጓሙን ሳብ ያደርጋል፤ ዳማ ይቆማል። «የእኔ ትከሻ የሕዝብ ነው» ይል ነበር አባቴ።

እኔ ደግሞ መናገር የምፈራ ልጅ ነበርኩ። መምህሩ ስም ሲጠሩ «አቤት» የምትለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ትቀርና የተገኘሁትን ቀሪ ያደርጉኛል። ስለዚህ ያ ትከሻ መምታት ለእኔ ተብሎ የተሠራ ሕግ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ የዘንገና ልጅ ናት። ከዘንገና ሐይቅ አፋፍ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ነበር የወላጆቿ ቤት። አባቴን አግብታ ዳንግላ ከገባች በኋላ ወላጆቿ ሞቱ፣ ወንድሟም አገር ለቆ ሄደ፤ በዚያ የሚጠብቃት ሰው ስላልነበረ የምትሄድበት ምክንያትም አልነበራትም። ዘመድ ሳይኖር፣ ለቅሶ ሳይኖር፣ ሠርግ ሳይኖር መኪና ተሳፍሮ መሄድ በእኛ ሰፈር አልተለመደም። እሷ ግን ክረምት አልፎ ሰማዩ ሲጠራ «አሁን ዘንገና እንዴት ይሆን?» ትላለች። አባቴም «ውሃ ለማየት ከሆነ ጉድጓዱ አለልሽ» ብሎ ይስቃል።

አራተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ ክረምቱ ገና ጨርሶ ሳይወጣ፣ አባቴ ምን እንደነካው አላውቅም፣ እሺ አለ።

«አንድ ጊዜ እንሄዳለን» አላት። «ደህና ውለን ከተመለስን በየዓመቱ እንሄዳለን። እንግልት ከሆነ ግን፣ ጥሩ፣ ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።»

እናቴ ጥሩ ነው ስሟ። «አላነሳብህም» አለችው። ከዚያች ቀን ጀምሮ እሁድ እስኪደርስ ልቤ አልተቀመጠም። ውሃ ስቀዳ፣ ቤት ስጠርግ፣ ክፍል ውስጥ ሆኜ ሁሉ «እንግልት» የምትለዋ ቃል ታቃጭልብኝ ነበር። ቀኑ እንዳይበላሽ መጠበቅ የእኔ ሥራ ይመስል።

እሁድ ጠዋት እናቴ ድንች ቀቅላ፣ ሚጥሚጣ በወረቀት ቋጥራ፣ ዳቦ በነጠላ ጠቅልላ ተነሳን። ታናሽ ወንድሜ ማሩ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር፤ በእናቴ ጀርባ ታዘለ። ዳማን ጎረቤታችን ሼህ አወል ሊጠብቁልን ተቀበሉ። ባለሱቅ ናቸው፤ አባቴ ከመሄዱ በፊት ፈረሱ ስንት ጊዜ ውሃ እንደሚጠጣ ሦስት ጊዜ ነገራቸው።

«ሞላ፣ ሂድ እንግዲህ» አሉት አባቴን በስሙ ጠርተው። «ፈረሱ ካንተ ይልቅ ረጋ ያለ ነው።»

መናኸሪያው ውስጥ ሚኒባሱ ቆሞ ነበር። ረዳቱ ትልቅ ሰው ነው፤ ጢሙን ሽበት ጀምሮታል። «እንጅባራ! እንጅባራ! ሞልቷል፣ አንድ ሰው ነው የቀረው!» እያለ ይጮሃል። ገብተን ስናይ ሁለት ሴቶችና አንድ የታሰረች ዶሮ ብቻ ናቸው። አባቴ ደነገጠ።

«ምነው ወንድሜ፣ በእሁድ ውሸት?» አለው ረዳቱን። «እኔ እንዲህ ብዬ ብጣራ ፈረሴ ራሱ ይታዘበኛል።»

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። አባቴ መጠበቅ አይችልም። ይወርዳል፣ ጎማውን ይረግጣል፣ ዞሮ ይመለሳል፣ ይቀመጣል፣ ደግሞ ይወርዳል። መኪናው ውስጥ የቤንዚንና ፀሐይ የመታው ፕላስቲክ ሽታ ነበር፤ ማሩ አፍንጫውን ያዘ። እኔ አባቴ በወረደ ቁጥር «አሁን እንመለስ ሊል ነው» እያልኩ የመቀመጫውን ቀዳዳ በጣቴ እያሰፋሁ ስፖንጁን ስቆነጥር ቆየሁ። እናቴ ብቻ ሳትንቀሳቀስ ወደፊት ታያለች። መኪናው ቀድሞውንም የሚሄድ ይመስል።

በመጨረሻ መኪናው ሞላና ተነሳን። አባቴን ከሹፌሩ ጎን አስቀመጡት። ከኋላ ሆኜ ሳየው እጆቹ የሚያደርጉትን አጥተው ነበር። ጉልበቱ ላይ ያደርጋቸዋል፣ ያጣምራቸዋል። ቁልቁለት ሲመጣ ወደኋላ ይለጠጣል፣ ዳገት ሲመጣ ጎንበስ ይላል፤ ሸክሙን ለማገዝ። አንድ ጠመዝማዛ ላይ በምላሱ «ች፣ ች» ሲል ሰማሁት።

እንጅባራ ስንገባ ነው ጉዱ የመጣው። አባቴ መውረጃችን እንደደረሰ ሲያይ፣ ሃያ ዓመት ሰው ሲያደርገው የኖረውን አደረገ። የሹፌሩን ትከሻ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው።

ሹፌሩ ክው አለ። መሪው ተወላገደ፤ ዶሮዋ ጮኸች፤ ሴቶቹ የማርያምን ስም ጠሩ።

«ሰውዬ! ልትገለብጠን ነው እንዴ?»

«መውረዳችን ነው ብዬ...»

«መውረድ ከሆነ ‹ወራጅ አለ› አይባልም?»

ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ «ጋሼ፣ ፈረስ መሰለዎት እንዴ?» አለ። መኪናው በሙሉ ሳቀ። ሹፌሩም ድንጋጤው ሲለቀው ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ወርደን ወደ ጥሊሊ የሚሄደውን መኪና ስንፈልግ ጆሮው እንደቀላ ነበር። ዘንገና ከእንጅባራ ብዙ አይርቅም፣ ከመንገዱ ዳር ነው፤ የጥሊሊ መኪና ላይ ወጥቶ መሀል መንገድ መውረድ ነው።

«እንግዲህ እኔ አንዲት ቃል አልተነፍስም» አለ አባቴ። «ቦታውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። አንቺው አስቁሚው።»

እሱን እንደገና ከፊት አስቀመጡት፤ እኛ መጨረሻው ወንበር ላይ ነበርን። እናቴ ማሩን ታቅፋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«እኔ ብናገር በአማርኛዬ ይስቁብናል» አለችኝ። አፏን የፈታችው በአገውኛ ነው፤ ዳንግላ ገበያ ላይ አንድ ጊዜ የሳቁባትን አልረሳችም ነበር። «ደግሞ ዛሬ አባትሽ ላይ ሳቅ ይበቃል። አንቺ ተማሪ ነሽ። እጅሽን ጨበጥ ሳደርግሽ ‹ወራጅ አለ› በይልኝ።»

ሁለት ቃል ናት። ወራጅ፣ አለ። መኪናው እንደተነሳ በልቤ ማለት ጀመርኩ። ወራጅ አለ፣ ወራጅ አለ። ቃሏን በደገምኳት ቁጥር ትርጉሟ እየጠፋኝ ሄደ። ረዳቱ በር ላይ ቆሟል፤ በእኔና በእሱ መካከል ሦስት ረድፍ ሰው አለ። ቴፑ ይጮሃል። ቢስቁስ? ድምፄ ቀጥኖ ቢወጣስ?

እናቴ እጄን ጨበጠችኝ።

አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ ከፍቼዋለሁ። አየር ብቻ ወጣ። እንደገና ጨበጠችኝ፤ አሁን ጠበቅ አድርጋ። «በይ፣ ልጄ፣ በይ አሁን።» በመስኮቱ በኩል ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ወደኛ መጣ፣ አጠገባችን ሆነ። ውሃው ከመንገድ አይታይም፤ ከዛፎቹ ወዲያ ነው። እናቴ ራሷ «ወራጅ...» አለች፣ ለሰላምታ በሚሆን ድምፅ። ቴፑ ዋጠው። ዛፎቹ አለፉ። እናቴ አንገቷን አዙራ በኋላው መስታወት እስኪጠፉ ድረስ አየቻቸው። ከዚያ እጄን ለቀቀችው።

ያኔ እንኳ መናገር እችል ነበር። አላልኩም። ባለፍን ቁጥር መናገሩ እየባሰ ሄደ፤ «እስካሁን ምን ስትሠሪ ነበር?» ይሉኛል ብዬ። እንዲህ ሆነን ጥሊሊ ገባን።

አባቴ ወርዶ ግራ ቀኙን አየ። ሱቅ፣ ፍየል፣ ጋሪ።

«ሐይቁ የታለ?»

እናቴ አንድ ጊዜ ወደ እኔ አየችና ነጠላዋን አስተካከለች።

«አለፈኝ» አለች። «አላወቅሁትም፤ ቦታው ተለዋውጦብኝ።»

አባቴ ዞሮ አያት። ተቆጥቶ ነው ብዬ ስፈራ ከሆዱ ሳቅ ፈነዳ። ጠዋት የተሳቀበትን ሁሉ አሁን የሚመልስ ይመስል ነበር። «ተወልደሽ ያደግሽበትን! አንቺ ሴት፣ ቤትሽን ነው እኮ ያለፍሽው!» እሷም አብራው ፈገግ አለች። እኔ ማሩን ይዤ ወደ ፍየሎቹ ዞርኩ።

ተመልሰን ሐይቁ ጋ እንወርድ ነበር። ግን ወደ እንጅባራ የሚመለሰው መኪና ሁሉ ሞልቶ ያልፋል። ቆምን፣ ተቀመጥን፣ ደግሞ ቆምን። ድንቹን መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ በላነው። አባቴ በየደቂቃው ፀሐይዋን እያየ «ዳማ ውሃ ሳይጠጣ» ይላል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። እስከ ዳንግላ በቀጥታ የሚሄድ መኪና ላይ ቦታ ስናገኝ ዝናቡ ልብሳችን ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ሐይቁ ጋ ወርዶ ሌላ መኪና መጠበቅን ማንም አላነሳም። ዛፎቹ ጋ ስንደርስ መስታወቱ በእንፋሎት ተሸፍኖ ነበር። እናቴ በመዳፏ ጠረገችው። ወዲያው ደግሞ ሸፈነው።

«እንግልት» አለ አባቴ ቤት ስንገባ፣ ቦት ጫማውን እያወለቀ። እሷም ቃሏን ጠበቀች፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዘንገና አንድም ቀን አላነሳችም። ክረምት ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ እንኳ። እሱ ግን ጨዋታ አገኘ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይቺን የተወለደችበትን አገር የማታውቅ ሴት ታውቋታላችሁ?» ብሎ ይጀምራል፤ ሰው ይስቃል፤ እሷ ትስቃለች፤ እኔ ተነስቼ ወደ ጓሮ እወጣለሁ።

አሁን ጊዜው ሌላ ነው። ጋሪ ከዳንግላ ጨርሶ ባይጠፋም ባጃጅ አፍ አፉን ብሎታል። ዳማ ሞተ፤ የአባቴም ጉልበት ዳገት አይወጣም። እኔ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ አልቀጠልኩም፤ ገበያው አጠገብ ባለ ጨርቅ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ከማላውቀው ሰው ጋር እነጋገራለሁ፤ ማን ያምናል። ድሮ በእንግልት የሄድነው መንገድ ዛሬ ከጠዋት እስከ ማታ መኪና አያጣም፣ ወንበርም በስልክ ይያዛል። እኛ ግን እስከ አሁን አልሄድንም።

ባለፈው መስቀል የአባቴ እህት መጥታ ነበር። አባቴ እንደ ልማዱ ጀመረ፤ «ይቺን የተወለደችበትን...» ሲል አቋረጥኩት። በሕይወቴ አባቴን አቋርጬ አላውቅም።

«አላለፋትም» አልኩ። «እጄን ጨብጣኝ ነበር። ያልተናገርኩት እኔ ነኝ።»

እናቴ ከሁሉ በፊት ተናገረች፤ ያውም በቁጣ።

«አንቺ ልጅ! ዕድሜሽን ሙሉ ዝም ስትይ ኖረሽ ዛሬ ምን አናገረሽ?»

እፎይ የምል መስሎኝ ነበር። አላልኩም። አባቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ጨዋታ ተወው፤ ቤታችን እንግዳ ሲመጣ የሚስቅበት ነገር አጣ። እናቴም ደስ አላላትም። ለእሱ የሰጠችውን ሳቅ ነው የወሰድኩበት። አንድ ቀን ራሷ «እኔ እንደሁ የተወለድኩበትን የማላውቅ ሴት ነኝ» ብላ ሞከረችው፣ ይስቅ እንደሆነ።

አልሳቀም። ምርኩዙን መሬት ላይ አዟዟረ፣ ወደ እሷ ሳያይ።

«ጥሩ» አላት፤ «ለመሆኑ ውሃው ምን ይመስላል?»

በነዚህ ሁሉ ዓመታት ማናችንም ጠይቀናት አናውቅም ነበር። ከዚያ በአማርኛ ጀመረችው፤ ዙሪያው ክብ እንደሆነ፣ ዝንጀሮዎቹ ለመጠጣት በየት በኩል እንደሚወርዱ፣ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከላዩ እንዴት ቀስ ብሎ እንደሚነሳ፤ መሀል ላይ ስትደርስ አማርኛው አልበቃ አላትና ወደ አገውኛ ገባች። አባቴ አገውኛውን ብዙ አይሰማም። ቢሆንም አላቋረጣትም።