ወርቅ ብቻ የሚያውቀው ማሽንና የአጎቴ ግመል

ትናንት ከሰዓት ስልኬ ላይ ማስታወቂያ መጣ። «ወርቅን ከብረት የሚለይ ማሽን» ይላል... እናንተዬ፣ ይሄን ዕድሜ ይዤ ስልኬን ወረወርኩት። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ ከጦሩ ጠፍቼ ዋጃ፣ አጎቴ ሁሴን ቤት ተደብቄያለሁ። ጦሩ ውስጥ ሥራዬ ፈንጂ መፈለግ ነበር፤ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ፣ ዘንግ ይዤ፣ መሬት ስዳብስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለመንደሩ ግን «ሆዱን የሚያመው የእህቴ ልጅ» ነኝ። አጎቴ እኔን ደብቆ ቢያዝ ምን እንደሚደርስበት አሳምሮ ያውቃል... አንድም ቀን ግን ፊቱን አጥቁሮብኝ አያውቅም።

አንድ ጠዋት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጠመንጃውን አንግቶ ደጃችን ላይ ቆመ። የመጣው ለኔ መሰለኝ። ከኋላው ግን ኮት የለበሰ እንግዳ ሰው አለ። ትከሻው ላይ ሳጥን አንጠልጥሏል፣ እጁ ላይ ጫፉ ክብ የሆነ ዘንግ ይዟል።

አየኋት። ቢጫ ቀለም ቢቀባትም አወቅኋት። የኛው ፈንጂ መፈለጊያ ናት!

የሰውየው ምላስ ቅቤ ነው። «ብረት ብትቀብሩባት አትጮህም። ወርቅ ከሆነ ግን ሁለት ሜትር ጠልቆም ትሰማዋለች። ጎሊና ወንዝ ዳር ያለውን ወርቅ ክረምት ሳይገባ ትለቅሙታላችሁ» አለ። ዋጋዋ? የአጎቴ ግመል። ውሃ የምታመጣ፣ እህል የምታደርስ፣ ስምንት ነፍስ የምታሳድር አንዲት ግመል! ሊቀመንበሩ የመጣው ለውሉ ምስክር ሊሆን ነው።

ወላሂ ላብድ ነበር። ያቺ ማሽን ወርቅን ከቆርቆሮ አትለይም። ለጣሳ ክዳን ጮኻ ስንቴ ነፍሴን አውጥታዋለች! ሁለት ሜትር ደግሞ... ቀለበት የምታክል ነገር አንድ ክንድ ከጠለቀች አትሰማትም። ግን ምን ብዬ ልናገር? «ከየት አወቅህ?» ቢሉኝስ?

«አጎቴ፣ አንድ ቃል ነበረኝ...» አልኩት ቀስ ብዬ።

«ኋላ!» አለኝ። ወርቁ ገና ሳይገኝ ልቡን ወስዶታል።

ሰውየው የአጎቴን ሚስት፣ የአክስቴን የዘሃራን ቀለበት አስወልቆ አፈር አለበሰው። ማዳመጫውን ለአጎቴ አጠለቀለት። ማሽኗ ጮኸች። ቀጥሎ ሚስማር ቀበረ... ዝም። «አጀብ ነው!» አለ አጎቴ። እኔ የማየው የሰውየውን አውራ ጣት ነው። ሚስማሩ ጋ ሲደርስ ሳጥኑ ላይ ያለችውን ማጥፊያ ቀስ አድርጎ ይነካታል።

ግመሏን ሊፈቱ ሲነሱ አላስቻለኝም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሰውየው ፊቱን ያዙር። አክስቴ አንዱ ቦታ ቀለበቷን፣ ሌላው ቦታ ብረት ትቅበር። የቱ ወርቅ እንደሆነ ማሽኗ ትንገረን» አልኩ።

«ማሽኗ በፈተና ትቀየማለች» አለ ሰውየው።

«ሰው ናት እንዴ የምትቀየም? ዙር!» አለው ሊቀመንበሩ።

አክስቴ ቀብራ ተመለሰች። ሰውየው ማዳመጫውን አጥልቆ አንዱ ጋ ቆመ፣ ሌላው ጋ ቆመ... ተመለሰ... ላቡን ጠረገ። ከሁለት አንዱ ነው፤ በግምት ቢያገኘውስ? ያኔ ግመሏም ሄደች፣ እኔም በከንቱ አፌን ከፈትኩ።

«ይሄ ነው ወርቁ!» አለ።

አጎቴ ቆፈረ። ስባሪ ማጭድ ወጣ። «እ... ያኛው ነው ለካ!» አለ ሰውየው። ያኛውም ተቆፈረ። የዛገ ቁልፍ።

«ቀለበቴማ ይኸው» ብላ አክስቴ ከመቀነቷ ጫፍ ፈትታ አወጣች። «ከየት እንደመጣ ለማላውቀው ሰው ወርቄን ሁለት ጊዜ ልቅበር? ሞኝህን ፈልግ!»

ሊቀመንበሩ ሳይቀር ሳቀ። ሰውየው ግን አልሳቀም። እኔን ነው የሚያየው።

«አንተ... ዓይንህ ከማጥፊያው አልተነሳም። ይቺን ማሽን ከየት ነው የምታውቃት?» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ።

ሳቁ ቆመ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። የአጎቴ ፊት አመድ መሰለ። ፈራሁ፤ አጎቴን ይዤው ገደል ልገባ ነው ብዬ ፈራሁ። ከዚያ አላህ በአፌ ቃል አኖረልኝ።

«እሱ ከየት እንዳመጣት መጀመሪያ ይናገር። እኔም ከየት እንደማውቃት ቀጥዬ እናገራለሁ» አልኩ።

አየኝ። አየሁት። ተግባባን። እሱም እንደኔው ከጦሩ የጠፋ ነው፤ ልዩነታችን እኔ ባዶ እጄን መውጣቴ ብቻ ነው።

«ተሳስቻለሁ... ከሰው ጋር አመሳስዬው ነው» አለና ዘንጉን ይዞ ወደ መኪና መንገዱ ገሰገሰ።

ሊቀመንበሩ አላስቆመውም። አጭበርባሪ ይዞ መምጣቱ እንዲወራ አልፈለገም መሰለኝ። ሊሄድ ሲል ግን አጎቴን ወደ ጎን ጠራው። «ሁሴን፣ የእህትህ ልጅ ሆድ ሕመም ዋጃ ውስጥ መድኃኒት የለውም። ነገ ስመጣ እንዳላገኘው» አለው። አወቀ! አውቆም ተወኝ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አጎቴ ግመሏ ላይ ማሽላ ጫነ። እኔን እንደ ነጋዴ ሽርጥ አሸርጦ ከአንድ አፋር ወዳጁ ጋር ቆላ ቆላውን ላከኝ።

«አትርፈሃታል... እሷም ታትርፍህ» አለኝ። እንባዬን መያዝ አቃተኝ። ግመሏ በሳምንቷ ተመልሳለች። እኔ ደርግ እስኪወድቅ ዋጃን አላየኋትም።

እና ወርቅ ብቻ የሚለይ ማሽን ልትገዙ ያሰባችሁ... ሻጩን ፊቱን አዙሩትና እንደ አክስቴ ዘሃራ ያለች ሰው የማታምን ሴት ትቅበርላችሁ።