የማሽላው ጉድጓድና የመምህርቷ ቃላት

በክፍሉ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። መርማሪው ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ጸሐፊው በግራው በኩል ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። ሴቷ ፖሊስ በሩን ተደግፋ ቆማለች። መምህርቷ መስኮቱ ሥር፣ ፊቷን ወደ እኛ አዙራ። እኔ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ነበርኩ፤ ወንበር ሰጥተውኝ አልቀመጥም ብያለሁ። ጠረጴዛው ላይ የመምህርቷ ደብተርና እኔ እንድፈርምበት የተጻፈ አንድ ገጽ ነበር።

ከፈረምኩ በዚያው ዕለት ቤቴ እንደምገባ መርማሪው ሁለት ጊዜ ነግሮኛል።

እዚያ እንዴት እንደደረስን ከመጀመሪያው ልናገር።

እኔን የያዙኝ በክረምቱ መግቢያ ነው። ልጅሽ ጫካ ገብቷል አሉኝ፤ እሱን ሲያጡ እኔን ወሰዱ። የታሰርንበት ቤት ሸዋ ሮቢት ውስጥ ነው፤ ድሮ የሽንኩርት መጋዘን ነበር። ግድግዳው ቆርቆሮ ስለሆነ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ እጅ አያስነካም። ሽንኩርቱ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ሽታው ግን አልወጣም። ስድስት ሴቶች ነበርን። መምህርቷ ሰባተኛ ሆና መጣች።

የቀወት ገበሬ ልጅ ናት፤ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ታስተምራለች። ከካራቆሬ ስትመለስ ሚኒባሱን አስቁመው ሲፈትሹ ደብተሩ ተገኘባት። በአንድ በኩል የእንግሊዝኛ ቃል፣ በሌላው በኩል የአማርኛ ፍቺው ተጽፎበታል። ኑክሌር፣ ዩራኒየም፣ ጨረር፣ የአቶም መሰንጠቅ። ፈታሹ እዚህ ድረስ አንብቦ ዘጋው።

«ልጆቹ ለፈተና ይሸመድዱታል እንጂ አይገባቸውም። በሚያውቁት ቋንቋ ላስረዳቸው ብዬ ነው» አለችን።

«እስቲ እኛን አስረጂን። እኛ ከገባን ፍየልም ይገባታል» አለች ከካራቆሬ የመጣችው የማሾ ነጋዴ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት፣ ቆርቆሮው ሳይግል፣ ትምህርት ሆነ። ደብተሩ ስለተወሰደባት ቃላቱን በቃሏ ትነግረናለች፤ እኛ ካልገባን ፍቺውን ታስተካክላለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል በመጨረሴ ይሁን በዕድሜዬ፣ አስቀድማ የምትጠይቀው እኔን ነበር።

«እትዬ፣ ግማሽ ዕድሜ ማለት ጨረር ከሚያወጣው ነገር እኩሌታው እስኪከስም የሚፈጀው ጊዜ ነው። ያን ያህል ጊዜ ሲያልፍ ደግሞ ከቀረው እኩሌታው፣ እንደገና ከዚያ እኩሌታው። ገባዎት?»

«ገብቶኛል። መቼ ነው የሚያልቀው?»

«አለቀ የሚባልበት ቀን የለውም። እየሳሳ ይሄዳል እንጂ።»

«ወላሂ የባሌ ፍቅር ነው!» አለች ነጋዴዋ። «በየዓመቱ እኩሌታው ይሄዳል። አለቀ ብዬ እንዳልፈታው፣ ሁልጊዜ ትንሽ ነገር ትተርፋለች።»

ሳቅን። ጠባቂዋ ከውጭ ቆርቆሮውን መታችው።

መምህርቷን ያስቸገራት የኑክሌር ቆሻሻው ነገር ነበር። ኃይል ተመርቶበት የወጣው የዩራኒየም ነዳጅ እንደ ማገዶ አመድ ሆኖ አይቀርም። ሥራውን ጨርሶም ይግላል፤ የቀረበውን ሰው ይገድላል። ስለዚህ ብዙ ዓመት ውሃ ውስጥ ያቆዩትና በኋላ ከምድር በታች፣ ከዓለት ውስጥ ያስቀምጡታል። ለዚህ የሚሆን አነጋገር አጣች። «መቅበር» ትልና ትተወዋለች። ልጆቹ ሬሳ ይመስላቸዋል ትላለች።

«የማሽላ ጉድጓድ በያቸው» አልኳት።

ለከተሜዎቹ ብዬ አስረዳሁ። በእኛ አገር ገበሬ ማሽላውን መሬት ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ጉድጓዱ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። ዙሪያውን ገለባ ያለብሱታል፤ እህሉ ከገባ በኋላ አፉን በድንጋይ ገጥመው በጭቃ ይደፍኑታል፤ አፈር ይመልሱበታል። እላዩ ላይ የቆመ እንግዳ እህል ላይ መቆሙን አያውቅም። ቦታውን የሚያውቀው የቤቱ ሰው ብቻ ነው።

መምህርቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አባቴ ጓሮ እያለልኝ!» አለች። «ስንት ሌሊት ቃል ስፈልግ!» በጣም ደስ አላት። ወዲያው ደግሞ ራሷን ነቀነቀች። «ልዩነቱ ግን፣ እትዬ፣ ማሽላውን የሚደፍነው መልሶ ሊከፍተው ነው። እነዚያ የሚደፍኑት ማንም እንዳይከፍተው ነው። ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ የሚመጣው ሰው የእኛን ቋንቋ አያውቅም። አትክፈት የሚለውን በምን ይጽፉለታል?»



በሳምንቱ መርማሪው እኔን አስጠራኝ። ወጣት ነው፤ ትሑት ነው። የደጋ ከተማ ልጅ፤ ሙቀቱን ገና አልለመደም፤ በመሀረብ አንገቱን ይጠርጋል።

«እማማ፣ ይቀመጡ። ይቺ መምህርት ምንድን ነው የምታስተምራችሁ?»

«የመጽሐፍ ቃል ነው።»

«ደብተሯ ላይ ከምድር በታች የሚቀበር የሚል አለ። ምንድን ነው የሚቀበረው?»

ነገሩ ከገባው የሚለቃት መሰለኝ። ስለዚህ ለሴቶቹ እንዳስረዳሁት አስረዳሁት። ማሽላውን፣ ገለባውን፣ ጭቃውን፣ ቦታው በቤቱ ሰው ብቻ መታወቁን። በጥሞና አዳመጠኝ።

«የእሷ አባትም አለው?»

«ጉድጓድ የሌለው ገበሬ የት አለ? ከጓሮው ነው ብላናለች።»

ጻፈ። አመስግኖ ሸኘኝ።

አንድ ነገር አልነገርኩትም። ጉድጓድ በተከፈተበት ዕለት ሰው አይገባበትም። ውስጡ የታፈነው አየር ይገድላል። ከፍተው ያሳድሩታል፤ በማግስቱም ፋኖስ በገመድ አውርደው፣ ካልጠፋ ነው የሚገቡት። ይህን ሳልነግረው የቀረሁት ደብቄ አይደለም። በቆላ ልጅ እግር ሲተክል የሚነገረው ነገር ነው። ለትልቅ ሰው መንገር እሳት ያቃጥላል እንደ ማለት ነው፤ ስድብ ይሆናል። መርማሪው ልጅ የቆላ ሰው አለመሆኑን በዓይኔ እያየሁ ረሳሁት።

በአራተኛው ቀን ለመምህርቷ ስንቅ የሚያመጣላት ሰው ቀረ። በማግስቱም ቀረ። «ዝናቡ ነው፤ ወንዙ ሞልቶ ይሆናል» አለች። ወሬውን፣ መምህርቷ ሳትሰማ፣ የነገረችን ምግብ ይዛ የመጣችው የነጋዴዋ እህት ናት። ፖሊሶቹ የመምህርቷ አባት ቤት ሄደው ጉድጓዱን አስቆፈሩ። አባትየው «ዛሬ ይከፈትና ይደር፤ ነገ እንገባለን» አላቸው። ያለውን ዕቃ ሌሊቱን ልታሸሽ ነው አሉት። ራስህ ግባ አሉት። ጋቢውን ለሚስቱ ሰጥቶ ወረደ። በገመድ ሲያወጡት ሕይወቱ አልፎ ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ ማሽላ ነበር። አፉ እንደተከፈተ ቀርቶ ዝናብ ገባበት።

ነጋዴዋ «ኢና ሊላሂ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ የተቀመጥኩበት ቦታ ቆየሁ።

መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም። በማለዳ ነው፤ ትልቅ ሰው ይነግራል፣ ዘመድ ከግራ ከቀኝ ይደግፋል። ከመካከላችን ታላቋ እኔ ነበርኩ። በማግስቱ ጠዋት ልነግራት ተስማማን። ሳይነጋ ነቅቼ ፊቷን አየሁ፤ ተኝታለች። ትንሽ ትተኛ ብዬ ቆየሁ። በዚህ መሀል በሩ ተከፈተና ሁለታችንንም ጠሩን።

መርማሪው እኔን በረንዳው ላይ ለብቻዬ አነጋገረኝ። ዓይኑ ቀልቷል። «ስለ አባቷ ነገር አይናገሩ። እሷ አታውቅም» አለኝ። ወረቀቱን አነበብኩት። መምህርቷ በአባቷ ጓሮ ለፍንዳታ የሚሆን ነገር ተደፍኗል ብላ ነገረችኝ ይላል። ቁፋሮው ምክንያት እንዲኖረው ፈልገዋል። ምክንያቱ ከእሷ አፍ፣ ምስክርነቱ ከእኔ እጅ እንዲሆን።

እኔ ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ቆይቼ ተፈታሁ። መምህርቷን ወደ እኛ ክፍል አልመለሷትም። ተለቃ እናቷ ጋ እንደገባች ሰምቻለሁ፤ ሄጄ አላየኋትም። ደብተሩ የት እንደደረሰ አላውቅም። የማስታውሳቸውን ቃላት በአንድ ወረቀት ላይ ጽፌያቸዋለሁ፤ አሥራ አራት ናቸው። ጨረር፦ በዓይን የማይታይ፣ ግን ሥጋ ውስጥ የሚገባ። ያገለገለ ነዳጅ፦ ሥራውን ጨርሶ ያልበረደ። ቃላቱ የእሷ ናቸው፤ አላሻሻልኳቸውም። ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ ለሚመጣው ሰው በምን ይጽፉለታል ብላ ነበር። እኔ ፊቴ ለተቀመጠ፣ ቋንቋዬን ለሚሰማ ሰው የጉድጓዱን አየር አልነገርኩም። ብትነግሪውም ባልሰማ ነበር ይሉኛል የሚወዱኝ። እንጃ።

ያን ዕለት፣ በመርማሪው ክፍል፣ ጸሐፊው እስክሪብቶ ሰጠኝ። ተቀብዬ ወረቀቱ ላይ አጋደምኩት።

«እማማ፣ ይፈርሙ እንጂ» አለ መርማሪው።

«ይህን አላለችኝም» አልኩ።

ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድኩ። ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ፣ ለኀዘን እንደሚለበሰው አዘቅዝቄ መልሼ ለበስኩት።  መርማሪው ከወንበሩ ተነሣ። መምህርቷ ነጠላዬን አየች። ከዚያ ፊቴን አየች።

«ማነው?» አለች።

«አባትሽ ናቸው፣ ልጄ። ጉድጓዱ በተከፈተ ዕለት አስገቧቸው። ጉድጓዱን የነገርኳቸው እኔ ነኝ።»

አልጮኸችም። የመስኮቱን ቆርቆሮ በአንድ እጇ ያዘች፤ መጋል ጀምሮ ነበር፣ እሷ ግን እጇን አላነሣችም።  ከዚያ የራስ ሻሿን ፈታች፤ እንደ ኀዘንተኛ ወገቧ ላይ አሰረችው። በእኔ በኩል አልፋ ወደ በሩ ሄደች። ሴቷ ፖሊስ ፈቀቅ አለችላት። ወጣች።