ሁለተኛዋ ዓይን

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ የነበርነውን ከበሩ ጀምሬ ልቁጠር። ስም አልጠራም፤ የነበሩት ራሳቸውን ያውቃሉ። በሩ ላይ፣ ግማሽ አካላቸው ውጭ ግማሹ ውስጥ ሆኖ፣ ቁልፍ የሚይዙት አያ ዘበኛ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። መስኮቱ ሥር ከጠዳ የሚመጡት እህትማማቾች አሉ፤ ታላቂቱ በግራ እጇ ስለምትስል ክርናቸው እንዳይጋጭ ሁልጊዜ በግራ በኩል ትሆናለች። ከእነሱ ፊት ከማራኪ የሚመጣው የነርሷ ልጅ አለ፤ አፉ ከእርሳሱ ይቀድማል። ግድግዳው ጥግ፣ ከቆላ ድባ መጥቶ አብነት የሚማረው ዲያቆን ነጠላውን አጣጥፎ ጭኑ ላይ አስቀምጧል። ከሁሉም ኋላ ደግሞ አክስቷ ዘንድ ሆና ልትማር ከአዲ አርቃይ የመጣችው ልጅ። ሰሌዳው አጠገብ እኔ።

ክፍሉ ጎንደር ፒያሳ ጀርባ የሚገኝ የወጣቶች ማዕከል ዕቃ ማስቀመጫ ነው። የተሰበሩትን ወንበሮች ወደ አንድ ጥግ ገፍተን ቅዳሜ ቅዳሜ ሥዕል አስተምርበታለሁ። እኔ ራሴ ሥዕል ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። ስልክ ላይ ቪዲዮ እያቆምኩ፣ እያንዳንዱን ደረጃ ወረቀት ላይ እየገለበጥኩ ነው የለመድኩት፤ የማስተምረውም እንዲሁ በደረጃ ነው። መጀመሪያ እንቁላል። ቀጥሎ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ቀጭን መስመር። ከዚያ እንቁላሉን መሃል ለመሃል የሚያቋርጥ ሌላ መስመር፤ ዓይን የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። ይህን ደረጃ መጀመሪያ ሲሰማ የሚያምን የለም። ሰው ሁሉ ዓይንን ወደ ግንባር አስጠግቶ ይስላል። ክርክር ስለማልወድ እርሳስ አስይዤ የየጎረቤታቸውን ራስ አስለካቸዋለሁ፦ ከአናት እስከ ዓይን፣ ከዓይን እስከ አገጭ። እኩል ሲሆንባቸው ፊታቸው ላይ የሚታየውን መደነቅ እኔም እስካሁን አልጠገብኩትም። የነርሷ ልጅ አያ ዘበኛን ሳይቀር ለክቶ፣ “የእርስዎም እኩል ነው!” ብሎ ጮኾ ነበር።

“ታዲያ የኔ ከማን ያንሳል?” አሉ አያ፣ ባርኔጣቸውን መልሰው እየደፉ።

ሌላው የማስተምረው ነገር መስኮቱ ነው። ሥዕሉ ሲያልቅ ወረቀቱን ገልብጠን መስታወቱ ላይ እናስደግፈዋለን። ብርሃኑ ሲያልፍበት ሥዕሉ ከጀርባው ይታያል፤ ግራው ቀኝ ስለሚሆን ዓይናችን የለመደው ስህተት ሁሉ ይጋለጣል። የተጣመመ አገጭ፣ ከፍ ያለ ጆሮ፣ ሁሉም ይወጣል።

የዚያ ቅዳሜ ትምህርት ፊትን ከጎን መሳል ነበር። ደረጃዎቹን ሰሌዳው ላይ ሠርቼ፣ “አሁን የምታውቁትን ሰው ሳሉ” አልኳቸውና በመካከላቸው እየዞርኩ ማየት ጀመርኩ። የአዲ አርቃይዋ ልጅ ወረቀት ጋ ስደርስ ቆምኩ። ግንባሩ ትክክል ነው። አፍንጫው፣ ገጠም ያለው ከንፈር፣ አገጩ፣ ሁሉም ባልተንቀጠቀጠ መስመር ወርደዋል። ነገር ግን በጎን ለታየው ፊት ሁለት ዓይን ጎን ለጎን ሠርታለታለች።

የነርሷ ልጅ አንገቱን አስግጎ አየ። “ቲቸር፣ ይቺ የተገጨች ባጃጅ ናት! ሁለቱም መብራት በአንድ በኩል!”

እህትማማቾቹ ሳቁ። እኔ ላጲስ አንስቼ ጎንበስ አልኩና፣ “ከጎን ስናይ አንዱ ዓይን በአፍንጫው ይከለላል፤ አንዷን እናጥፋት” አልኳት። ወረቀቱን በመዳፏ ሸፈነችው።

“ምነው? ለምን ትጠፋለች?” አለች።

ድጋፍ የመጣላት ከጥጉ ነው። “የኔታ” አለ ዲያቆኑ፤ እኔን እንደ ድጓ መምህሩ መጥራት ልማዱ ነው፤ “ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በአንድ ዓይን የሚሳለው ማን እንደሆነ ያውቁ የለ? ጻድቃን ሁለት ዓይን አላቸው። በጎን የሚሳሉት ይሁዳና አጋንንት ናቸው።”

“እና ይቺ ማናት?” አለ የነርሷ ልጅ።

“እናቴ ናት” አለች ልጅቷ። “እናቴን ይሁዳ ላድርጋት?”

ሳቁ ቆመ። ነገሩን ሁላችንም ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። እናቷ የሞተችው ታናሽ ወንድሟ ጡት ሳይጥል ነበር። ቤት ውስጥ አንድም ፎቶ የላትም። ወንድሟ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ሲገባ “እማዬ ምን ትመስል ነበር?” እያለ መጠየቅ ጀምሯል። አባታቸው ከ“ሸጋ ነበረች” አያልፉም። እሷ ደግሞ ለመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ስትመለስ እናታቸውን ስላ እንደምታመጣለት ቃል ገብታለታለች። ችግሩ እሷም ሙሉውን አታስታውስም። እናትና ልጅ አስፋልቱ ዳር ጎን ለጎን ተቀምጠው ለመንገደኛ ሎሚ ይሸጡ ነበር፤ እናትየዋ ውሎዋን ከሊማሊሞ በኩል የሚወርደውን መኪና ለማየት ወደ ኩርባው እንዳፈጠጠች ነው። ልጅቷ ጋ የቀረው ያ ብቻ ነው፤ ከጎን የታየ ፊት።

“እሱም ቢሆን እየራቀብኝ ነው” አለች።

እኔ ዘንድ የነበረው ሁለት ትምህርት ብቻ ነው፦ ከፊት ለፊትና ከጎን። ከፊት ለፊት አታስታውሳትም፤ ከጎን አትስላትም። በመካከል ያለውን እኔም አልተማርኩትም ነበር። ሌላ ዘዴ ስላልመጣልኝ፣ “የት ነበር የምትቀመጡት?” አልኳት። ሁለት ወንበር አምጥተን ጎን ለጎን አደረግን። እናቷን የሚሆን ሰው ሲፈለግ የነርሷ ልጅ ወደ ዲያቆኑ ጠቆመ። “እሱ ነጠላም አለው!” ዲያቆኑ ትንሽ አቅማማና ነጠላውን አናቱ ላይ ጣል አድርጎ ተቀመጠ። ሰሌዳው ኩርባው ሆነ። ልጅቷ አጠገቡ ተቀምጣ አገጩን ከፍ፣ ትከሻውን ዝቅ አስደረገችው። ከዚያ ትክ ብላ አየችው። ምንም አልመጣላትም።

“መኪና መጣ!” የሚል ድምፅ ተሰማ።

ዲያቆኑ ደንገጥ ብሎ ፊቱን ወደ እሷ መለስ አደረገ።

“እዚያው! እንዳትነቃነቅ!” ብላ ከወንበሯ ተነሳች። “እንዲህ ነበረች! መኪናው ብቅ ሲል፣ ሳትነሳ በፊት ወደኔ መለስ ትል ነበር። ሎሚውን እንዳነሳ።”

ከኋላዋ ሆኜ እሷ የምታየውን አየሁ። ከአፍንጫው ባሻገር ሁለተኛዋ ዓይን ወጥታለች። ሙሉ አይደለችም፤ ለሁለት እንደተከፈለች የስንዴ ፍሬ ያለች፣ ግን የምታይ ዓይን። ሰው ሁሉ በቀን ስንቴ እንዲህ ይዞራል፤ እኔ አንድም ጊዜ ቆሜ አላየሁትም ነበር። ልጅቷ አዲስ ወረቀት ሳበች። እንቁላል አልሠራችም፣ መስመር አላሰመረችም። ከዚያችው ከግማሿ ዓይን ጀመረችና አፍንጫውን፣ ጉንጩን፣ ሌላኛውን ዓይን ተራ በተራ ወደ ራሷ አመጣቻቸው።

“አንገቴ!” አለ ዲያቆኑ በመጨረሻ፣ ከንፈሩን ሳያላቅቅ።

“ቻለው” አለው የነርሷ ልጅ፣ እሱም በሹክሹክታ። “እናት ነህ።”

እስከ ዕረፍቱ ድረስ በየቅዳሜው እሱኑ ሠራች። መስኮቱ ላይ ስታስደግፈው አገጩ ወደ አንድ ጎን መሸሹን አይታ አስተካከለች። መጨረሻ ላይ አክስቷ ሊያዩት መጡ። ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ነው የሚሸጡት፤ የሽንኩርቱ ልጣጭ ቀሚሳቸው ላይ እንዳለ በቀጥታ ከገበያ ነው የመጡት። ወረቀቱ ፊት ቆመው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ልጅቷ የምታየው ወረቀቱን ሳይሆን የአክስቷን ፊት ነው።

“ልትቆጣን ስትል እንዲህ ነበር የምታየን” አሉ አክስቷ። ድምፃቸው ሳቅም ልቅሶም ነበረበት። “ታላቄ አይደለች!” ወደ ወረቀቱ ቀረብ አሉ። “ጆሮዋ ግን የኔ ጆሮ ነው።”

“ካንቺ ላይ ነው የወሰድኩት፣ እትዬ። እሱን አላስታወስኩትም።”

“የሷ ትንሽ ነበረች። እንደ ልጅ ጆሮ።”

እዚያው አጥፍታ ትንሽ አደረገችው። አክስቷ ሲያዩት መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ። በሩ ላይ አያ ዘበኛ ተነስተው ቆመዋል። ባርኔጣቸው እጃቸው ላይ ነበር።

ልጅቷ ወረቀቱን ጠቅልላ በአውቶቡስ ሄደች። ዕረፍቱ አልቆ ስትመለስ ወረቀቱም አብሯት መጣ። አባቷ እዚህ ጎንደር በፕላስቲክ እንዲለበጥና እንዲመለስላቸው ልከውት ነው። እኔ የፈለግሁት ወንድሟ ምን እንዳለ ማወቅ ነበር።

“እሱማ” አለች። “ሲያያት ቆየና ወረቀቱን ገለበጠው። ባዶ ሲሆንበት፣ ‘ጀርባዋስ?’ አለኝ። አባዬ ሁልጊዜ ‘እናትህ አዝላህ ነበር የምትውል’ ይለዋል። ጀርባዋን ነው የፈለገው።”

“ምን አልሽው?” አለች የጠዳዋ ታናሽ እህት።

“ሠራሁለት።”

በእነሱ ቤት መስታወት ያለው መስኮት የለም። አስፋልቱ ዳር፣ እናቷ ሎሚ ትሸጥበት የነበረው ቦታ አጠገብ፣ የጭነት መኪና ቆሞ አገኘችና ሹፌሩን ለመነችው። ወረቀቱን የመኪናው መስኮት ላይ አስደግፋ የእናቷን ራስ ዙሪያ በወረቀቱ ጀርባ ላይ ተከትላ ሠራች። ሹፌሩ ሻይ እየጠጣ ጠበቃት። ቤት ተመልሳ የእናቷን የሻሽ አስተሳሰርና ሹሩባ ልትስል ስትል ግን አላወቀችውም። ያኔ አባቷ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ስለ መልኳ ከ“ሸጋ ነበረች” አልፈው ተናግረው የማያውቁት ሰው ሹሩባው ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ፣ የትኛው ወፍራም የትኛው ቀጭን እንደነበር፣ ሻሹ በየትኛው በኩል እንደሚቋጠር በጣታቸው እያሳዩ ነገሯት። ወንድሟ በመካከላቸው ሆኖ ሰማ።

ይህን እየነገረችን ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ የእኛ መስኮት ላይ አስደገፈችው። ሁላችንም ተነሳን። ጠዋቱ ጥርት ያለ ነበር። ብርሃኑ ሲያልፍበት የእናቷ ፊትና ሹሩባ፣ ሁለቱ ዓይኖቿና የሻሿ ቋጠሮ በአንድ ጊዜ ታዩ። የኋላው ሥዕል ዙሪያ በፊተኛው ዙሪያ ላይ ልክ ተኝቷል። ስህተት መፈለግ ልማዴ ስለሆነ በመስመሩ ሁሉ ሄድኩበት፤ የሚጋለጥ አላገኘሁም። የፊተኛው ልጅቷ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ያየችው ነው፤ የኋለኛው ወንድሟ ታዝሎ ያየው። ብዙ ወረቀት መስኮት ላይ አስደግፌአለሁ፤ ከዚያ በፊት ሰው ሙሉ ሆኖ ሲታይበት አላየሁም። ዲያቆኑ ቀስ ብሎ አማተበ።

እኔም የጻፍኩት ሰሌዳው አጠገብ ቆሜ ያየሁትን ብቻ ነው። ከዚያ ያልታየኝ ብዙ ነው። “መኪና መጣ!” ያለው ማን እንደነበር እስካሁን አላውቅም። እህትማማቾቹን ስጠይቅ አንዷ በሌላዋ ታሳብባለች፤ አያ ዘበኛ “እኔ እንቅልፍ ላይ ነበርኩ” ይላሉ፤ የነርሷ ልጅ እሱ እንደሆነ ይምላል፣ ግን እሱ በሁሉም ነገር ይምላል። ያን ጠዋት እዚያ ክፍል ውስጥ የነበራችሁ፣ ከመስኮቱ በኩልም ከበሩ በኩልም፣ ያያችሁትንና የሰማችሁትን ንገሩኝ። የእኔም ሥዕል ጆሮው ከተሳሳተ አጥፍቼ አስተካክለዋለሁ። የዚህን ወረቀት ጀርባ ባዶ ትቼላችኋለሁ።